አባቷን ፈረንሳይ ይዛ ልትሄድ ላሰበች የድሬ ልጅ

ደብዳቤው፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ትንሽ መድኃኒት ቤት አለኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አባቴ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ምድር ባቡር፣ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ ፈረንሳይን ግን አይተው አያውቁም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ጨዋታቸው ሁሉ ቀርቷል፤ ከጡረተኛ ጓደኞቻቸው ጋር ለገሃር አካባቢ ተቀምጠው ይውላሉ። ለዓመታት ያጠራቀምኩት ገንዘብ ስላለኝ በመጪው መስከረም ለሁለት ሳምንት ያህል ይዣቸው ልሄድ ወስኛለሁ። ቪዛው እስኪወጣ አልነግራቸውም፤ ድንገተኛ ደስታ እንዲሆንላቸው ፈልጌ ነው።

ችግሬ የምክር ብዛት ነው። የባለቤቴ ወንድም ‹ከሄዳችሁ አይቀር ፓሪስን፣ ሮምን፣ አምስተርዳምን፣ ለንደንን ጨርሳችሁ ኑ› ይላል። ፍራንክፈርት ያለችው የአክስቴ ልጅ እሷ ጋ ካላረፋችሁ ትላለች። አዲስ አበባ ያለ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ደግሞ ‹የፈረንሳይ ይከብዳል፤ በሌላ አገር አስወጣላችኋለሁ፣ የባንኩንም ወረቀት እኔ እጨርሳለሁ› ብሎ ብዙ ገንዘብ ጠየቀኝ። ታላቅ እህቴማ ‹ከሄድሽ ምን ትመለሻለሽ?› አለችኝ። አባቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስዳሉ። ከየት ልጀምር?

የባቡር ልጅ፣ ከድሬዳዋ»

ውድ የባቡር ልጅ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የገለጽሻቸው አባት የአንቺ ብቻ አይደሉም፤ የብዙ የድሬ ልጆች አባት ናቸው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ስንት ሰው በፈረንሳይኛ ሙያ ተምሮ፣ በፈረንሳይኛ ሪፖርት ሲጽፍ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ያንን አገር በዓይኑ ያየው ግን ጥቂት ነው። አንቺ ይህን ለአባትሽ ልታደርጊ መነሣትሽ ልቤን ነክቶታል፤ እንዲሳካልሽም እፈልጋለሁ። አንዳንዱን ነገር ሳላለባብስ የምነግርሽ ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ ድንገተኛ ደስታ ያልሽውን ተዪው። የሼንገን ቪዛ፣ ማለትም ፈረንሳይን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚጠቀሙበት ቪዛ፣ አመልካቹ ራሱ ቀርቦ የጣት አሻራ ይሰጥበታል፤ ቅጹም ላይ ራሱ ይፈርማል። አባትሽን አዲስ አበባ ድረስ ወስደሽ አሻራ አሰጥተሽ ነገሩን መደበቅ አትችዪም። ከዚህ የሚበልጥ ምክንያትም አለ፤ እስካሁን ስለዚህ ጉዞ የባለቤትሽ ወንድም፣ የአክስትሽ ልጅ፣ እህትሽና ጉዳይ አስፈጻሚው ተናግረዋል፤ የሚሄዱት ሰውዬ ግን አልተጠየቁም። እናትሽ ካረፉ ወዲህ ዝም ያሉ ሰው፣ የሚያቅዱት ነገር ማግኘታቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ስምንት ወር ሙሉ ከጓደኞቻቸው ጋር የሚያወሩበት፣ የሚከራከሩበት፣ ካርታ የሚዘረጉበት ጉዳይ ይሆንላቸዋል። ያንን ጊዜ አትንፈጊያቸው። ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ «አባዬ፣ ፈረንሳይ ብንሄድ ምን ማየት ይፈልጋሉ?» በያቸው። የኤፍል ግንብ ይላሉ ብለሽ ትጠብቂ ይሆናል፤ ምናልባት የሚሉሽ የአንድ ባቡር ጣቢያ ስም፣ ወይም የድሮ አለቃቸው በመርከብ የሚነሡበት ወደብ ይሆናል። የሚሉሽን ሁሉ ጻፊው። የቪዛው ማመልከቻም፣ የሆቴሉም፣ የበጀቱም መነሻ ያ ወረቀት ነው።

አሁን ወደ አራቱ ከተሞች ልምጣ። የባለቤትሽ ወንድም በቅንነት እንደሚናገር አልጠራጠርም፤ ግን ጉልበቱን የሚያመው የሰባ አራት ዓመት ሰው በሁለት ሳምንት አራት ከተማ ቢዞር የሚያየው አየር ማረፊያና ሻንጣ ነው። ለንደንን ከዝርዝሩ አሁኑኑ ሰርዢው። እንግሊዝ ሼንገን ውስጥ የለችም፤ ሌላ ቪዛ፣ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ ፋይል ትፈልጋለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ሕገ ወጥ ሆነው የተገኙ ዜጎችን በመመለስ ረገድ ኢትዮጵያ በቂ ትብብር አላደረገችም በሚል ምክንያት ለእኛ ዜጎች ደንቡን አጥብቆታል። በዚህ ውሳኔ መሠረት የሚሰጠን ቪዛ የአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ነው፤ ለሌሎች በ15 ቀን የሚያልቀው ምርመራም ለእኛ እስከ 45 ቀን ድረስ ነው። እንግዲህ ፓሪስ ገብታችሁ ለንደን ብትሻገሩ፣ ወደ ፓሪስ የምትመለሱበት ቪዛ አይኖራችሁም። ማመልከቻ ከማስገባትሽ በፊት በኤምባሲው ገጽ ላይ ደንቡ የደረሰበትን አረጋግጪ፤ ዕቅድሽን ግን ጥብቅ በሆነው ላይ ሥሪው።

ሮምና አምስተርዳም በሕግ ይቻላሉ፤ ሼንገን ውስጥ ናቸው። የምቃወመው በሌላ ምክንያት ነው። አባትሽ የሚያውቁት ቋንቋ የሚነገረው ፈረንሳይ ነው። እዚያ ቦታ እሳቸው መሪ፣ አንቺ ተከታይ ትሆኛለሽ። ታክሲውን እሳቸው ያናግራሉ፤ ምግቡን እሳቸው ያዝዛሉ። ሮም ላይ ግን እጃቸው የሚያዝ ሽማግሌ ይሆናሉ። የጉዞው ትልቁ ስጦታ ይህ ይመስለኛልና አንድ አገር ብቻ ሂዱ፤ ፈረንሳይ።

የአክስትሽን ልጅ አታስቀይሚያት። እሷ ነዋሪ ስለሆነች ድንበር ማለፍ አይከብዳትም፤ ከፍራንክፈርት በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዛ ሙሉዝ የምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ላይ ልታገኛችሁ ትችላለች። ሙሉዝ ለምን እንደመረጥኩ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ስለ ጉዳይ አስፈጻሚው የምለው አጭር ነው፦ አንድ ብር እንዳትሰጪው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ማመልከቻ የሚገባው ብዙ ቀን ለምታሳልፊበት አገር ነው። ፈረንሳይ ልትቀመጪ በሌላ አገር ስም ማመልከት ውሸት ነው። የተሠራ የባንክ ወረቀት ደግሞ ከውሸትም አልፎ ወንጀል ነው። የማመልከቻ መረጃ የሼንገን አገሮች ሁሉ በሚያዩት የጋራ መዝገብ ውስጥ እስከ አምስት ዓመት ይቀመጣል። ሐሰተኛ ሰነድ በሚል የተመለሰ ፋይል በአባትሽ ስም ተመዝግቦ ቢቀር፣ በሰባ አራት ዓመታቸው ሁለተኛ ዕድል መቼ ያገኛሉ? ደግሞም የእናንተ እውነተኛ ታሪክ እሱ ከሚፈበርከው ሁሉ ይበልጣል። ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ፣ ቋንቋውን የሚናገር፣ የተወሰነ ቦታ ለማየት የሚሄድ፣ ልጁ የምታጅበው፤ ቤተሰቡ፣ ሱቁና ቤቱ ድሬዳዋ ያለ። ይህንን በአንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፊው። ዕድሜያቸውን የሠሩበትንም የአገልግሎት ወረቀት አያይዢ። አመልካች የሚጠየቅ ነገር ካለ ደግሞ አባትሽ በራሳቸው ፈረንሳይኛ ይመልሱ፤ አንቺ አትቅደሚያቸው።

የእህትሽን ጥያቄ አልፌው መሄድ አልችልም። ቪዛ መርማሪውም በልቡ የሚጠይቀው እሱኑ ነው። የምትመለሺ ከሆነ፣ የሚመልስሽን ነገር ሁሉ በወረቀት አሳዪ፦ የመድኃኒት ቤቱን ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ማስረጃ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆቹን ልደት፣ ቤት ካላችሁ ካርታውን። ልብሽ ጥቂት እንኳ የሚያመነታ ከሆነ ግን፣ እባክሽ፣ በአባትሽ ጉዞ ስም አትሂጂ። ያ ከባለቤትሽ ጋር ተቀምጠሽ የምትመክሪበት ሌላ ጉዳይ ነው። አባትሽ አየር ማረፊያ ላይ ብቻቸውን ሲመለሱ ማሰብ ለእኔ ይከብደኛል፤ ለአንቺም ይከብድሻል ብዬ አምናለሁ።

ወረቀቱን እንመልከት። ፓስፖርቱ ከአሥር ዓመት ወዲህ የተሰጠ፣ ከሼንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚቆይ፣ ሁለት ባዶ ገጽም ያለው መሆን አለበት። የአባትሽ ካለቀ ወይም ከሌላቸው መጀመሪያ እሱን ጨርሺ፤ የሌላው ነገር ሁሉ ቁጥር የሚያያዘው ከዚያ ጋር ነው። በአማርኛ ያለ ሰነድ ሁሉ ወደ ፈረንሳይኛ ወይም እንግሊዝኛ በሕጋዊ ተርጓሚ ይተርጎም።

የምድር ባቡር ልጆች ሁሉ ሊጠነቀቁበት የሚገባ አንድ ጉዳይ ስም ነው። የድሮው የአገልግሎት ወረቀት የሠራተኛውን ስም የጻፈው በፈረንሳይ የፊደል አጻጻፍ ነው፤ ፓስፖርቱ ደግሞ በእንግሊዝ አጻጻፍ። ለመርማሪው ሁለት ሰው ሊመስል ይችላል። የአንቺና የአባትሽ ስም ግንኙነትም ለእነሱ ግልጽ አይደለም፤ እነሱ የሚያውቁት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የቤተሰብ ስም ነው። ስለዚህ የልደት ምስክር ወረቀትሽን አውጥተሽ አያይዢ፤ በደብዳቤሽም ላይ «በአገራችን ልጅ የአባቱን ስም በሁለተኛነት ይይዛል፤ በአገልግሎት ወረቀቱና በፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም የአንድ ሰው ነው» ብለሽ በሁለት መስመር ግለጪ።

ገንዘቡን በተመለከተ ፈረንሳይ ለጎብኚ የምትጠይቀው ዝቅተኛ መጠን ሆቴል ላስያዘ ሰው በቀን 65 ዩሮ ነው፤ ሆቴል ላላስያዘ 120 ዩሮ። ለአሥራ ሦስት ቀን ለሁለት ሰው 1,690 ዩሮ ማለት ነው። ይህ ማሳየት ያለብሽ ትንሹ ነው፤ በጀትሽ ከዚያ ከፍ ይበል። የውጭ ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን፣ በብር ስታሰዪ የዕለቱን የባንክ ተመን ያዢና ከላዩ ላይ መጠባበቂያ ጨምሪበት። የባንክ መግለጫሽ ለወራት የሚገባና የሚወጣ ገንዘብ የሚያሳይ ይሁን። ማመልከቻው ሲቃረብ በአንድ ቀን የገባ ትልቅ ገንዘብ ጥርጣሬ ያስነሣል። ዕቁብ ደርሶሽ ከሆነ ግን አትደብቂው፤ የዕቁቡን ወረቀት አያይዘሽ ከየት እንደመጣ አስረጂ። የአባትሽን ወጪ የምትሸፍኚው አንቺ እንደሆንሽም በጽሑፍ አስቀምጪ፤ የጡረታ ደብተራቸውም ይግባ።

የቪዛው ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ማመልከቻ ተቀባዩ ማእከል የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል፤ ቢከለከልም አይመለስም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በሼንገን አገሮች ሁሉ የሚሠራ፣ ሕክምናንና ወደ አገር መመለስን የሚያካትት ይሁን። ለአባትሽ ስትገዢ ቀድሞ ስለነበረ ሕመም የሚለውን አንቀጽ በደንብ አንብቢ፤ ግፊታቸውን ደብቀሽ አትፈርሚ። የአውሮፕላን ትኬት ቪዛው እስኪወጣ አትግዢ፤ ቦታ ማስያዣ ብቻ አቅርቢ። ሆቴሉም ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ዓይነት ይሁን።

ቀኑን ወደ ኋላ እንቁጠረው። እንቁጣጣሽን ቤት ከልጆቹ ጋር አክብራችሁ፣ መስከረም 3 ገደማ ብትነሡና መስከረም 15 ብትመለሱ፣ ለመስቀልም ትደርሳላችሁ። በዚያ ወቅት የፓሪስ ሙቀት አልቋል፤ ብርዱም አልገባም፤ ለድሬ ሰው ግን ማታ ማታ ሹራብ ያስፈልጋል። የሐምሌና የነሐሴ የቱሪስት ግፊያም ጋብ ብሏል። ማመልከቻ የሚቀበሉት ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ነው፤ ለእናንተ ከመጋቢት መጀመሪያ ማለት ነው። እኔ ብሆን ሚያዝያ ላይ አስገባ ነበር፤ ግንቦትና ሰኔ ቀጠሮ የሚጣበብበት ጊዜ ነው። አሁን ጥር ላይ ስለሆንን ፓስፖርትና ሰነድ ለማደራጀት ሁለት ወር አለሽ። ለአሻራው አዲስ አበባ ስትሄዱ በአውሮፕላን ሂዱ፤ አንድ ሰዓት ነው፤ የአባትሽን ጉልበት ለፈረንሳይ አቆዪላቸው።

አሁን ደስ ወደሚለው ልለፍ። የአባትሽ ዝርዝር ከእኔ ይቀድማል፤ እሳቸው ሌላ ካሉ የእኔን ጣዪው። እኔ ግን ለአንድ የባቡር ሰው መንገዱን የማወጣው እንዲህ ነው፦ ፓሪስ አምስት ሌሊት፣ ሙሉዝ ሁለት ሌሊት፣ ማርሴይ ሦስት ሌሊት፣ ከዚያ ለመመለሻው ፓሪስ ሁለት ሌሊት።

ፓሪስ ላይ መጀመሪያ ኦርሴ ሙዚየም ውሰጃቸው። ሰው ሁሉ ለሥዕሎቹ ይሄዳል፤ ሕንፃው ግን እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተ ባቡር ጣቢያ ነበር። ባቡሮቹ እየረዘሙ ሲሄዱ መቆሚያው አጠራቸውና ረጅም ርቀት የሚሄዱት ቀሩበት፤ በ1986 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። የብረት ቅስቱን ጣሪያ፣ ትልቁን ሰዓት አባትሽ ከሥዕሎቹ በፊት ያዩታል፤ አታጣድፊያቸው። ሰኞ ዝግ ነው። ሉቭርን ካሰባችሁ እሱ የሚዘጋው ማክሰኞ ነው። ከዚያ ቀጥሎ «ጋር ደ ሊዮን» የሚባለው ባቡር ጣቢያ አለ፤ ከላይኛው ፎቅ ላይ ግድግዳውና ጣሪያው በሥዕል የተሸፈነ፣ ከ1901 ጀምሮ ያለ «ሰማያዊው ባቡር» የሚባል ምግብ ቤት አለ። ምሳው ውድ ነው፤ ቡና ብቻ አዝዛችሁ ከላይ ሆናችሁ ባቡሮቹን ማየት ትችላላችሁ። ለአባትሽ ከኤፍል ግንብ ይልቅ እዚያ መቀመጥ እንደሚሻላቸው እገምታለሁ።

የፓሪስን ሜትሮ ለጉልበታቸው ስትዪ ተዪው። አብዛኛው ጣቢያ ሊፍት የሌለው፣ ደረጃው የበዛ ነው። አውቶቡስ ተጠቀሙ፤ ከተማውንም ያሳያል። 69 ቁጥር ከኤፍል ግንብ አካባቢ ተነሥቶ በሉቭርና በባስቲይ በኩል ያልፋል፤ በአንድ ትኬት ግማሹን ፓሪስ ተቀምጠው ያያሉ።

ከ«ጋር ደ ሊዮን» ሙሉዝ በፈጣኑ ባቡር፣ በቴዤቬ፣ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ነው። ሙሉዝን የመረጥኩት ሲቴ ዱ ትራን ስላለ ነው። በአውሮፓ ትልቁ የባቡር ሙዚየም ነው፤ የፈረንሳይ የእንፋሎት፣ የናፍጣና የኤሌክትሪክ ባቡሮች ተደርድረው የሚታዩበት። ዕድሜውን ከሞተር ሥር ተኝቶ የጨረሰ ሰው እዚያ የሚያሳልፈው አንድ ቀን ምን እንደሚሆን አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ። አንድ ሙሉ ቀን ስጫቸው፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ዕቅድ አታስገቢ። የድሮው መስመራችን ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ የፈረንሳይ ዋና መስመር፣ እንደ አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ፣ 1.435 ሜትር ነው። እዚያ ያሉትን ግዙፍ ባቡሮች ሲያዩ ልዩነቱን እሳቸው ያስረዱሽ። ከሚሠሩት ሰዎች ጋር ወሬ መጀመራቸው አይቀርም። የሠሩበትን ዘመን ፎቶግራፍ ካላቸው ይያዙት፤ እንዲህ ያለ ቦታ የሚሠራ ሰው ከድሬዳዋ የመጣ የባቡር መካኒክ በየቀኑ አያገኝም።

ከሙሉዝ ወደ ማርሴይ ቀጥታ የሚሄድ ባቡር አለ፤ አምስት ሰዓት ግድም ይፈጃል። በመስኮት በኩል የሮን ሸለቆን ያያሉ። ማርሴይን የጨመርኩት በወደቡ ምክንያት ነው። ሜሳዥሪ ማሪቲም የሚባለው የፈረንሳይ የመርከብ ኩባንያ መርከቦች ከዚያ ተነሥተው በስዊዝ ቦይ በኩል ጅቡቲ ይደርሱ ነበር፤ ወደ እኛ የመጡት ፈረንሳዮች ብዙዎቹ በዚያ መንገድ ነው የመጡት። አሮጌው ወደብ ዳር ተቀመጡ፤ ኖዓይ የሚባለው ገበያ ቅርብ ነው፤ ቅመሙ፣ ግፊያውና የቋንቋው ብዛት ቀፊራን ያስታውሳል። ሐረር ሲኖር የነበረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦም እግሩ ታሞ በቃሬዛ እስከ ዘይላ ከተወሰደ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1891 የሞተው በዚሁ ከተማ፣ ላ ኮንሴፕሲዮን ሆስፒታል ነው፤ መታሰቢያ ጽሑፍ አለለት። የሐረሩን የራምቦ ቤት አይተው ከሆነ መጨረሻውን ማየት ይወዱ ይሆናል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሳን ሻርል ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ውብ ደረጃ 104 እርከን ነው። ከላይ ሆናችሁ ከተማውን እዩና በሌላ በኩል ውረዱ።

በየዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር በሴፕቴምበር ሦስተኛው ቅዳሜና እሑድ ፈረንሳይ ውስጥ የቅርስ ቀን ይከበራል፤ ሌላ ጊዜ የሚዘጉ ብዙ ሕንፃዎች ይከፈታሉ፣ ብዙዎቹም በነፃ። ከጉዟችሁ መካከል ይወድቃል። በዚያ ቀን ያላችሁበትን ከተማ ዝርዝር ቀደም ብለሽ ተመልከቺ።

የባቡር ትኬት ቀድሞ የገዛ በርካሽ ያገኛል፤ ቪዛው እንደወጣ ግዢ። ሰዓቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ 7፡12 ማለት በእኛ ጠዋት 1፡12 ነው፤ በሩም ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ይዘጋል። በሰዓት በኩል አባትሽን ታመኚ፤ የባቡር ሰው ናቸው።

ለአውሮፕላኑ፣ ትኬቱን ስትቆርጪ የዊልቸር እርዳታ ጠይቂ፤ ክፍያ የለውም። ያፍሩ ይሆናል፤ ግን የፓሪስ አየር ማረፊያ መንገዱ ረጅም ነው፤ ከጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ድንበር ላይ የፊት ፎቶ ስለሚወሰድ ሰልፉ ሊረዝም ይችላል። መድኃኒቱን የምነግረው ለባለሙያ ስለሆነ አላበዛም፦ በእጅ ሻንጣ፣ በመጀመሪያ ማሸጊያው፣ ከተረፈ መጠባበቂያና ከሐኪም ማዘዣ ጋር። የአደጋ ጊዜ ስልኩ 112 ነው።

ሻንጣውን በራስሽ እጅ አዘጋጂ፤ ይህን አጥብቄ እነግርሻለሁ። ከድሬና ከሐረር የሚሄድ ሰው «ለእገሌ ይህችን አድርሺልኝ» መባሉ አይቀርም። ጫት ፈረንሳይም ጀርመንም ውስጥ በዕፅ የሚያስከስስ ነው፤ አንድ እስር እንኳ አትቀበዪ፣ የታሸገ ነገርም ሳትከፍቺ አትያዢ። ለአክስትሽ ልጅ ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ መውሰድም አይቻልም፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ የሥጋና የወተት ውጤት መንገደኛ ይዞ አይገባም። ማንጎም የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ስለሚጠየቅበት ይቅር። በርበሬ፣ ሽሮና የተቆላ ቡና ይበቃታል። የውጭ ምንዛሪውን ከባንክሽ በፓስፖርት፣ በቪዛና በትኬት ጠይቂ፤ ከጥቁር ገበያ አትግዢ፤ ባንኩ የሚሰጥሽ ወረቀት አየር ማረፊያ ላይ ያስፈልግሻል።

ከልክለው ቢመልሱሽስ? ምክንያቱ ምልክት የተደረገበት ወረቀት ይሰጡሻል። በጥሞና አንብቢው። ስህተቱ የእነሱ ከመሰለሽ በወረቀቱ ላይ ወደተጻፈው ክፍል በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ትችያለሽ። የጎደለ ሰነድ ከሆነ ደግሞ አሟልተሽ እንደገና ማመልከት ይቻላል፤ የምትጠብቂው የቅጣት ጊዜ የለም። ለዚህም ነው ሚያዝያ ላይ አስገቢ ያልኩሽ፤ ብትከለከዪ እንኳ ለሁለተኛው ማመልከቻ የሚበቃ ጊዜ ይተርፍሻል። አባትሽም ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው አብረው ስለሚያውቁ ለሁለተኛው ደብዳቤ የሚጨምሩት ነገር ይኖራቸዋል።

ዝርዝራቸውን ጽፈሽ ስትጨርሺ ላኪልኝ። ሙሉዝና ማርሴይ ውስጥ ከሌሉበት፣ መንገዱን በእሳቸው ምርጫ እንደገና እናወጣዋለን።